ፍላተር ላይ የዊጀትን መጠን መለካት፦ መቼ፣ በምን መለኪያ፣ ማንን ጠይቆ?

«ልጄ፣ የመጨረሻዋ ሴት የት ገባች?» አሉኝ።

ስልኩን የያዙት የሰፈራችን እቁብ ሰብሳቢ ናቸው። አባላትን የሚመዘግብ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ የሚያሳይ ትንሽ አፕ ሠርቼላቸው እየሞከሩልኝ ነበር። እኔ ስልክ ላይ 24ቱም አባላት ይታያሉ። እሳቸው ስልክ ላይ 23 ብቻ። ሃያ አራተኛዋ ከታች ባለው «ዕጣ አውጣ» የሚል በተን በያዘው አሞሌ ስር ተደብቃለች።

ነገሩ ቀላል ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ የስልኩን ጽሑፍ እስከቻሉት ድረስ አተልቀውታል። የበተኑ ጽሑፍ ወደ ሁለት መስመር ወረደ፤ አሞሌውም ከፍ አለ። እኔ ደግሞ ዝርዝሩ ከታች 56 ክፍተት እንዲተው በቁጥር ጽፌ አስቀምጬ ነበር። 56 እኔ ስልክ ላይ ልክ ነው። እሳቸው ስልክ ላይ ግን አልሠራም።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የዊጀት (በተንም ሆነ ጽሑፍ፣ ገጹ የሚገነባበት እያንዳንዱ አካል) መጠን እንዴት እንደሚለካ ከስሩ መማር ጀመርኩ። እዚህ የማሳያችሁ በፍላተር ነው፤ በአንድ ኮድ የአንድሮይድም የአይፎንም አፕ መሥሪያ ነው። በቀጥታ በአንድሮይድ ወይም በአይኦኤስ ለምትሠሩም ሐሳቡ ብዙ አይለይም። የኮድ ስሞቹን በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ኤዲተራችሁ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፊደላት ስትነኩ ቀሪውን ራሱ ያመጣላችኋል።

ደረጃ 1፦ መለካቱ ያስፈልጋል ወይ?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ይህን ቀድሜ የምለው እኔ ሳልጠይቅ ስለገባሁበት ነው።

ሁለት ነገሮች የስክሪኑን ወርድ እኩል እንዲካፈሉ ከፈለጋችሁ ኤክስፓንድድ አለ። ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባ ራሱን እንዲያሳንስ ከሆነ ፊትድ ቦክስ አለ። ቁመቱ የወርዱ ግማሽ ይሁን ካላችሁ አስፔክት ሬሾ አለ። እነዚህ ሁሉ ልኬቱን ውስጥ ለውስጥ ይጨርሱታል። እናንተ ቁጥሩን ማየት አይጠበቅባችሁም።

የእኔም አሞሌ ጉዳይ እንደዚሁ ሆኖ አረፈው። ሁለት ቀን ሙሉ አሞሌውን ለካሁ፤ ቁጥሩን ወደ ዝርዝሩ አመላለስኩ። ለካ ስካፎልድ (የገጹን ዋና መዋቅር የሚይዘው ዊጀት) ይህን ሥራ ድሮውኑ ይሠራዋል። አሞሌውን ቦተም ናቪጌሽን ባር በሚለው ቦታ ስታስቀምጡት ዝርዝሩ ከአሞሌው በላይ ብቻ ይዘረጋል። ዲዛይኑ ዝርዝሩ ከአሞሌው ስር አልፎ እንዲታይ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ኤክስቴንድ ቦዲ የሚለውን ታበራላችሁ። ያኔ ስካፎልዱ የአሞሌውን ቁመት በሚዲያ ኩዌሪ (ስለ መስኮቱ መረጃ የሚሰጠው) ፓዲንግ፣ ማለትም የጠርዝ ክፍተት፣ ውስጥ ይጨምረዋል። ሊስት ቪው (የሚሸበለለው ዝርዝር) የራሱ ፓዲንግ ካልተሰጠው ያንን ቁጥር ወስዶ ከታች ክፍተት ይተዋል። የጻፍኩትን ስልሳ ምናምን መስመር ኮድ አጠፋሁት። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ታዲያ መለካት መቼ ነው የግድ የሚሆነው? እኔን የገጠሙኝ ሁለት ናቸው። አንዱ፣ አንድን ነገር ሌላ ነገር አጠገብ መሳል ሲያስፈልግ ነው። አዲስ ተጠቃሚ ሲገባ «ዕጣ አውጣ» የሚለውን በተን በቀስት የሚጠቁም ማብራሪያ ነበረኝ። ሁለተኛው፣ ጽሑፍ በቦታው ይበቃል አይበቃም ብሎ መወሰን ሲያስፈልግ ነው። ሰብሳቢዋ ስለ እያንዳንዱ አባል ማስታወሻ ይጽፋሉ። ማስታወሻው ከሦስት መስመር ካለፈ ብቻ «ተጨማሪ» የሚል ማስፈንጠሪያ መታየት አለበት። እነዚህን ሁለቱን ይዘን እንሂድ።

ደረጃ 2፦ በምን መለኪያ?

አንድ ጊዜ ስክሪንሾት አንስቼ የአንድን ሳጥን ቁመት በምስል ማረሚያ ለካሁ። 168 አለኝ። ኮዱ ላይ የጻፍኩት 64 ነው። ፍላተር ያጭበረበረኝ መስሎኝ ነበር።

ስክሪንሾቱ የሚቆጥረው የስክሪኑን እውነተኛ ፒክስል ነው። ፍላተር የሚያወራው በሎጂካል ፒክስል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቁጥር ዲቫይስ ፒክስል ሬሾ ይባላል። የእኔ ስልክ 2.625 ነው፤ 64 በ2.625 ሲባዛ 168 ይሆናል። ሬሾው 2 የሆነ ስልክ ላይ ያው ሳጥን 128 ፒክስል ነው። ዓይን ግን ሁለቱንም ተቀራራቢ አድርጎ ያያቸዋል። የተፈለገውም ይኸው ነው።

አንድሮይድ ላይ ሬሾው የሚገኘው የስክሪኑን ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቆጠሩ ነጥቦች) ለ160 በማካፈል ነው። 320 ዲፒአይ ከሆነ 2፣ 420 ከሆነ 2.625፣ 480 ከሆነ 3። የ160 ነገር ከመጀመሪያው ዘመን የተረፈ ነው። በ2008 የወጣው ኤችቲሲ ድሪም 320 በ480 ስክሪን ነበረው፤ ያኔ አንዱ ሎጂካል ፒክስል አንድ እውነተኛ ፒክስል ነበር። አይፎን ላይ በ2010 አይፎን 4 ሬቲና ስክሪን ይዞ ሲመጣ ቁጥሩ ከ1 ወደ 2 ዘለለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ ክብ አይሆኑም። 1080 ለ2.625 ሲካፈል 411.43 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለት መጠኖችን ስታወዳድሩ ፍጹም እኩልነት አትጠብቁ፤ ልዩነታቸው ከግማሽ ፒክስል በታች ከሆነ እኩል ናቸው ብላችሁ እለፉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ መጠኑ «ተቀየረ፣ ተቀየረ» እያለ ያለማቋረጥ ራሱን የሚስል ገጽ ሠርቼ ባትሪ ጨርሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ሬሾው ለአንድ ስልክ ቋሚ አይደለም። ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ተጠቃሚው ሴቲንግ ገብቶ የማሳያውን መጠን መቀየር ይችላል። ያው 1080 ፒክስል ያለው ስልክ ዛሬ 411 ሎጂካል ወርድ፣ ነገ 360 ሊሆን ይችላል። የስልኩን ሞዴል አይቶ መጠን መገመት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ በጀትና ወጪን መለየት

እናት ልጇን ገበያ ስትልክ «ይኸው 500 ብር፣ ከዚያ እንዳታልፍ» ትለዋለች። ልጁ 320 ብር አውጥቶ ይመለሳል። 500 በጀት ነው፤ 320 ወጪ ነው። ፍላተር ላይ በጀቱ ኮንስትሬይንት፣ ወጪው ሳይዝ ይባላል። ወላጅ ዊጀት በጀት ወደ ታች ይሰጣል። ልጅ ዊጀት መጠኑን ወስኖ ወደ ላይ ይመልሳል። ከዚያ ወላጁ የት እንደሚያስቀምጠው ይወስናል።

ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው። ሌይአውት ቢልደር የሚባለው ዊጀት በጀቱን ይነግራችኋል። ማክስ ዊድዝ 360 ካላችሁ «እስከ 360 ድረስ መሄድ ትችላለህ» ማለቱ ነው። ውስጡ ያለው ጽሑፍ 90 ብቻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «በተኔ ስንት ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ ሌይአውት ቢልደር መልስ የለውም። «ሁለት ዓምድ ላድርገው ወይስ አንድ?» ለሚለው ግን ከእሱ የተሻለ የለም።

ሁለት ወጥመድ አለው። ሮው (ልጆቹን ጎን ለጎን የሚደረድር ዊጀት) ውስጥ ወይም ወደ ጎን የሚሄድ ሊስት ቪው ውስጥ ስታስገቡት ወርዱ ኢንፊኒቲ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ እናት «የፈለግከውን ያህል አውጣ» እንዳለችው ማለት ነው። ያንን ቁጥር ልታካፍሉት ከሞከራችሁ ገጹ ሊፈርስ ይችላል። ሌላው፣ አለርት ዳያሎግ ውስጥ ሌይአውት ቢልደር ብታስገቡ ቀይ ስሕተት ታያላችሁ። ዳያሎጉ ልጆቹን ሳይዘረጋ በፊት «በተፈጥሮህ ስንት ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌይአውት ቢልደር ደግሞ በጀት ሳይሰጠው መልስ መስጠት አይችልም። መፍትሔው ውስጡ ያለውን ቋሚ ወርድ ባለው ሳይዝድ ቦክስ መጠቅለል ነው።

የሙሉ ስክሪኑን መጠን ከፈለጋችሁ ሚዲያ ኩዌሪ ሳይዝ ኦፍ አለ። ስሙ ያሳስታል፤ የሚመልሰው የአፑን መስኮት እንጂ የስልኩን ስክሪን አይደለም። ተጠቃሚው ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ቴሌግራምን ከላይ፣ የእናንተን አፕ ከታች ካደረገ ቁመቱ ግማሽ ይሆናል። ኪቦርዱ ሲወጣ ግን ይህ ቁጥር አይቀንስም። የኪቦርዱን ቁመት ለማወቅ ቪው ኢንሴትስ ውስጥ ቦተም የሚለውን አንብቡ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመስኮቱን መጠን ከሜይን ፋንክሽን ውስጥ፣ አፑ ገና ሳይነሳ አትጠይቁ። በሪሊዝ ቢልድ መጀመሪያ ላይ 0 በ0 ሊመልስ ይችላል። ዲበግ ላይ ሠርቶ ስቶር ላይ ከወጣ በኋላ የሚበላሽ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

ደረጃ 4፦ በሰዓቱ መጠየቅ

አሁን ወደ ቀስቱ እንምጣ። «ዕጣ አውጣ» የሚለው በተን የት ነው፣ ስንት በስንት ነው?

ፍላተር እያንዳንዱን ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚወጣ አንድ ሥዕል) በተራ ይሠራዋል፦ መጀመሪያ ቢልድ (መገንባት)፣ ከዚያ ሌይአውት (መዘርጋት)፣ ከዚያ ፔይንት (መሳል)። መጠን የሚወለደው ሌይአውት ላይ ነው። ቢልድ ላይ ሆናችሁ መጠን ብትጠይቁ ገና ያልተሰፋ ሱሪ ርዝመቱ ስንት ነው እንደማለት ነው። ኢኒት ስቴት (ገጹ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚሠራው) ላይ ብትጠይቁ ኮንቴክስቱ (ዊጀቱን የምታገኙበት መያዣ) ናል፣ ማለትም ባዶ፣ ይሆንባችኋል። ቢልድ ላይ ብትጠይቁም ናል ሊሆን፣ ወይም «ሬንደር ቦክሱ (የዊጀቱን መጠንና ቦታ የሚይዘው) ገና አልተዘረጋም» የሚል ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ይባስ ብሎም የቀድሞውን ፍሬም መጠን ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ግሎባል ኪ (አንድን ዊጀት ከሌላ ቦታ ሆኖ ለማግኘት የሚያስችል ቁልፍ) ፍጠሩ። የስቴት ክላሱ ውስጥ፣ ከቢልድ ውጪ፣ እንደ ፊልድ ይቀመጥ። ቢልድ ውስጥ ከፈጠራችሁት ቢልድ በተጠራ ቁጥር አዲስ ይሆናል፤ ፍላተርም ዊጀቱን እያፈረሰ እንደ አዲስ ይሠራዋል። የጽሑፍ መጻፊያ ከሆነ የተጻፈው ሁሉ እልም ይላል።

ቀጥሎ ቁልፉን በተኑ ላይ አድርጉ፤ ኪ በሚለው ፓራሜትር።

ከዚያ ኢኒት ስቴት ውስጥ አድ ፖስት ፍሬም ኮልባክ በሚባለው አንድ ሥራ አስመዝግቡ። ትርጉሙ «ይህ ፍሬም ሲያልቅ ጥራኝ» ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። ከተመዘገበ በኋላ መሰረዝ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሲጀምር መጀመሪያ ማውንትድ የሚለውን አረጋግጡ፤ ተጠቃሚው በዚያች ቅጽበት ገጹን ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

ኮልባኩ ውስጥ ከቁልፉ ከረንት ኮንቴክስትን ውሰዱ። ናል ከሆነ ተመለሱ። ካልሆነ ፋይንድ ሬንደር ኦብጀክት ብላችሁ ውጤቱን እንደ ሬንደር ቦክስ ያዙት። ሃዝ ሳይዝ ትሩ መሆኑን አይታችሁ ሳይዝን አንብቡ። ቦታውን ደግሞ ሎካል ቱ ግሎባል በሚለው፣ ኦፍሴት ዚሮ ሰጥታችሁ ታገኛላችሁ፤ የበተኑ የላይኛው ግራ ጥግ መስኮቱ ላይ የት እንደሆነ ይነግራችኋል።

በመጨረሻ ቁጥሮቹን በሴት ስቴት አስቀምጡና ቀስቱን ሳሉ። ቀስቱ የሚታየው በሚቀጥለው ፍሬም ነው። 60 ኸርትዝ ስክሪን ላይ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ለቀስት ችግር የለውም። ለሚዘል ነገር ግን ብልጭታው ዓይን ላይ ይታያል፤ እንደዚያ ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ኦፓሲቲውን 0 አድርጋችሁ ደብቁት።

እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ቁመቱን ሳትም 48 አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀለም የተቀባው በተን ግን 40 ነው። ደግሜ ለካሁ፤ 48። እዚህ ላይ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በማቴሪያል 3 (የጉግል የዲዛይን መመሪያ) የኤሌቬትድ በተን ዝቅተኛ ቁመት 40 ነው። ለጣት ግን 40 ያንሳል ተብሎ ፍላተር ስልክ ላይ ዙሪያውን በማይታይ ክፍተት ወደ 48 ያሰፋዋል። የማቴሪያል መመሪያ ለሚነካ ነገር የሚጠይቀው ቢያንስ 48 በ48 ነው፤ አፕል 44 በ44 ይላል። ግሎባል ኪው የተንጠለጠለው ከክፍተቱ ውጪ ስለሆነ የነገረኝ የሚነካውን ቦታ ነው። የሚታየውን ከፈለጋችሁ ታፕ ታርጌት ሳይዙን ሽሪንክ ራፕ አድርጉት። ይህን ግን ብዙ አልመክርም። የሰብሳቢዋ ጣት እንደኔ ቀጭን አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ትራንስፎርም ስኬል አንድን ነገር በ1.5 ቢያተልቀውም ሳይዝ የሚለው የድሮውን ነው፤ ትራንስፎርም የሚሠራው ሥዕሉ ላይ እንጂ ልኬቱ ላይ አይደለም። ሊስት ቪው ቢልደር ውስጥ ያለ፣ ከስክሪኑ ገና ርቆ ያለ ረድፍ ደግሞ ከነጭራሹ አልተሠራም፤ ስለዚህ ኮንቴክስቱ ናል ነው። ሃያኛውን አባል ለመለካት መጀመሪያ ወደ እሱ መሸብለል የግድ ነው። ገጹ ከቀኝ እየተንሸራተተ በሚገባበት ሰዓት ከለካችሁም ሎካል ቱ ግሎባል መንገድ ላይ ያለውን ቦታ ይሰጣችኋል። የገጹ አኒሜሽን ማለቁን ጠብቁ።

ቀስቱን የምትስሉት ኦቨርሌይ (ከገጹ በላይ የሚነጠፍ ንብርብር) ላይ ከሆነና ኦቨርሌዩ ሙሉ ስክሪኑን የማይሸፍን ከሆነ፣ ለምሳሌ በታብ ውስጥ የራሱ ናቪጌተር ካለ፣ ለሎካል ቱ ግሎባል አንሴስተር ብላችሁ የኦቨርሌዩን ሬንደር ኦብጀክት ስጡት። ካልሆነ ቀስቱ በአናቱ አሞሌ ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ ባዶ ቦታ ይጠቁማል። ቀስቱ ሲሸበለል በተኑን እንዲከተል ካስፈለገ ደግሞ ልኬቱን ተዉትና ኮምፖዚትድ ትራንስፎርም ታርጌትና ፎሎወር የሚባሉትን ጥንድ ተጠቀሙ። እነሱ ያለ ቁጥር ይከተላሉ።

ደረጃ 5፦ መጠኑ በኋላ ሲቀየር

ፖስት ፍሬም ኮልባክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው። ስልኩ ሲገለበጥ፣ የጽሑፍ መጠን ሲቀየር፣ የአባሉ ፎቶ ከኢንተርኔት ወርዶ ሲደርስ ቁጥሩ ያረጃል። ፎቶ በተለይ ተንኮለኛ ነው። ወርድና ቁመት ካልሰጣችሁት እስኪወርድ ድረስ መጠኑ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ፈጣን የሆነበት ቢሮ ውስጥ አይታያችሁም፤ ታክሲ ውስጥ ይታያችኋል።

ሳይዝ ቼንጅድ ሌይአውት ኖቲፋየር የሚባል ዝግጁ ዊጀት አለ፤ መጠን በተቀየረ ቁጥር ኖቲፊኬሽን ይልካል። የመጀመሪያውን ልኬት ግን አይልክም። አዲሱን ቁጥርም አይነግራችሁም፤ «ተቀይሯል» ብቻ ይላል።

እኔ የምመርጠው የራሴን መሥራት ነው። ሬንደር ፕሮክሲ ቦክስን ወርሳችሁ ፐርፎርም ሌይአውትን ኦቨርራይድ ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ሱፐርን ትጠራላችሁ፤ ያኔ ልጁ ይዘረጋል። ከዚያ ሳይዝን ቀድሞ ካስቀመጣችሁት ጋር ታወዳድራላችሁ፤ እዚህ ነው የግማሽ ፒክስሏ ነገር የምትጠቅመው። ከተለየ በፖስት ፍሬም ኮልባክ በኩል ለውጪው ትነግራላችሁ። እዚያው ፐርፎርም ሌይአውት ውስጥ ሴት ስቴት ብትጠሩ ፍላተር ይጮህባችኋል፤ ሌይአውት መሀል ላይ ሆኖ ቢልድ ይደገም ማለት አይቻልም። በሲንግል ቻይልድ ሬንደር ኦብጀክት ዊጀት ትጠቀልሉታላችሁ፤ አለቀ። ሠላሳ መስመር አይሞላም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። የለካችሁት ቁጥር ራሱን የተለካውን ነገር እንዳይቀይረው። ቁመቱን ለክታችሁ ቁመቱ ላይ 8 ጨምሩ ካላችሁት በየፍሬሙ በ8 እያደገ ጣሪያ ይነካል። አድርጌው አይቻለሁ፤ ማየቱ ያስቃል።

ደረጃ 6፦ ጽሑፍን ሳይስሉ መለካት

ማስታወሻው ከሦስት መስመር ያልፋል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ፊደል መቁጠር ነው። «ከ120 ፊደል ካለፈ ተጨማሪ የሚለውን አሳይ።» እኔም አደረግኩት። በአማርኛ በተለይ አይሠራም። «ጨጨጨጨ» እና «ነነነነ» ብላችሁ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉና እዩት። ሁለቱም አራት ፊደል ናቸው፤ ወርዳቸው ግን አይገናኝም። በዚያ ላይ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። «እንደማያስፈልጋቸው» የሚለው መስመሩ መጨረሻ ላይ ካልገባ ሙሉ ለሙሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ፊደል ቆጠራ ይህን አያውቅም።

ትክክለኛው መሣሪያ ቴክስት ፔይንተር ነው። ፍላተር ጽሑፍ ሲስል ውስጥ ለውስጥ የሚጠቀምበት እሱን ራሱን ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን መረጃ ከሰጣችሁት መልሱ ልክ ይሆናል። ችግሩ ሁሉ «ትክክለኛውን መረጃ» የሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ ወርዱን አግኙ፤ በሌይአውት ቢልደር። ቢልደሩ ግን ከካርዱ ፓዲንግ ውስጥ ይቀመጥ። ካርዱ 360 ሆኖ በግራና በቀኝ 16 ፓዲንግ ካለው ጽሑፉ የሚያገኘው 328 ነው። በ360 ከለካችሁ «ሦስት መስመር ይበቃዋል» ይላችኋል፤ ስክሪኑ ላይ አራት ይሆናል፤ አራተኛውም ይቆረጣል፤ ማስፈንጠሪያውም የለም። የማስታወሻው መጨረሻ «ቀሪውን ከደመወዝ በኋላ አስገባለሁ ብሏል» የሚል ቢሆን ሰብሳቢዋ ሳያዩት ይቀራሉ። ሰውየውም ሳይከፍል እንደቀረ ይቆጠራል።

ከዚያ ስታይሉን ስጡት። የጻፋችሁትን ስታይል ብቻ ሳይሆን ከዲፎልት ቴክስት ስታይል ጋር አዋህዳችሁ፤ ቴክስት ዊጀት ራሱ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ተጠቃሚው ስልኩ ላይ ደማቅ ጽሑፍ አብርቶ ከሆነ ቴክስት ዊጀት ፊደሉን ያደምቀዋል፤ ቴክስት ፔይንተር ግን ካልነገራችሁት አያውቅም። ሚዲያ ኩዌሪ ቦልድ ቴክስት ኦፍን አይታችሁ ራሳችሁ አድምቁት።

ቴክስት ስኬለርን (ተጠቃሚው የመረጠውን የጽሑፍ ማተለቂያ) አትርሱ። የሰብሳቢዋ ስልክ ችግር እዚህ ነው የሚኖረው። ሚዲያ ኩዌሪ ቴክስት ስኬለር ኦፍ ያለውን እንዳለ አሳልፉት። በቁጥር እያባዛችሁ ራሳችሁ አታስሉ። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ይተልቃል፤ ዕድገቱም ቀጥ ያለ አይደለም። ትንንሹ ጽሑፍ ብዙ ያድጋል፣ ድሮውኑ ትልቅ የነበረው ርዕስ ትንሽ ብቻ። ፍላተር በ3.16 ቴክስት ስኬል ፋክተር የሚለውን ጊዜው አልፏል ብሎ ቴክስት ስኬለርን ያመጣው ለዚሁ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ቴክስት ዳይሬክሽን ከግራ ወደ ቀኝ፤ ማክስ ላይንስ 3። ሌይአውት የሚለውን በማክስ ዊድዙ ትጠሩና ዲድ ኤክሲድ ማክስ ላይንስን ታነባላችሁ። ትሩ ከሆነ «ተጨማሪ» ይታይ። ስትጨርሱ ዲስፖዝ በሉት።

ወጪው ትንሽ አይደለም። ለአንድ ማስታወሻ አይሰማም። ለአምስት መቶ በአንድ ጊዜ ካደረጋችሁት ግን ሽብለላው ይንገጫገጫል። ስክሪኑ ላይ ላለው ረድፍ ብቻ ለኩ። ውጤቱንም ጽሑፉን፣ ወርዱንና ስኬለሩን አንድ ላይ ቁልፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር ብቻ እንደገና ለኩ።

ስለ ፊደሉ ራሱ ትንሽ ልበል። ሮቦቶ የሚባለው የአንድሮይድ ፊደል (ፎንት) የእኛን የአማርኛ ፊደላት አልያዘም። ሲስተሙ አማርኛ ሲያይ ሌላ ፊደል ይፈልጋል፤ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያመጣል። አይፎን ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ ያው «500 ብር» ቁጥሩ በአንድ ፊደል፣ «ብር» በሌላ ይሳላል። የሁለቱ የመስመር ቁመት ስለማይገጥም ቁጥር ብቻ ያለበት ረድፍና አማርኛ ያለበት ረድፍ እኩል አይሆኑም። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከአፑ ጋር አብሬ አሽጋለሁ፤ የሚፈቅድ ነፃ ፈቃድ አለው። ስትረት ስታይል (የመስመር ቁመት መወሰኛ) ላይ ፎርስ ስትረት ሃይትን አበራለሁ፤ ያኔ ሁሉም መስመር እኩል ይሆናል። ፊደሉን አፑ ከተከፈተ በኋላ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፓኬጅ ከተጠቀማችሁ ግን መጀመሪያ የለካችሁት በተተኪው ፊደል ነው። እውነተኛው ሲደርስ ሁሉም ቁጥር ይቀየራል።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጥ

ለዓይን፣ ዲበግ ፔይንት ሳይዝ ኢኔብልድ የሚለውን ትሩ አድርጉት። እያንዳንዱ ሳጥን ዙሪያ መስመር ይሰመራል፤ ፓዲንጉ በቀለም ይለያል። ያቺ 40 እና 48ም ወዲያው ትታያችኋለች። ለቁጥር ደግሞ ዴቭ ቱልስ ውስጥ ያለው ኢንስፔክተር በጀቱንም ወጪውንም ጎን ለጎን ያሳያል።

ለቴስት ትንሽ ዝግጅት ያስፈልጋል። ፍላተር ቴስት ሲያሂድ ስክሪኑ 800 በ600 ነው፤ ስልክ ሳይሆን ትንሽ ቴሌቪዥን በሉት። ቴስተር ቪው ላይ ፊዚካል ሳይዙንና ዲቫይስ ፒክስል ሬሾውን ቀይሩ፤ ሲያልቅ ወደ ነበረበት መመለስ አትርሱ። ደግሞ የቴስቱ ነባሪ ፊደል እውነተኛ ፊደል አይደለም። ሁሉም ምልክት አንድ ዓይነት ካሬ ነው፤ «ጨ»ም «ነ»ም እኩል። የጽሑፍ ልኬት ለመፈተሽ ፎንት ሎደር በሚባለው የአማርኛ ፊደላችሁን ራሳችሁ ጫኑ። እኔ ይህን ሳላውቅ ቴስቱ አልፎ ስልክ ላይ የሚወድቅ ነገር ለሳምንት አሳድጃለሁ።

እኔ የማሂደው በሦስት ወርድ ነው፦ 320፣ 360 እና 411። እያንዳንዱን በመደበኛው ጽሑፍና በእጥፉ። ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ከስድስቱም የሚከብደው 320 ከእጥፍ ጽሑፍ ጋር ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ እሱን ብቻ አሂዱ።

ከቴስቶቹ አንዷ 24 አባላት ትጭናለች። እስከ ታች ትሸበልላለች። ከዚያ በጌት ሬክት የመጨረሻውን ረድፍና የአሞሌውን ሳጥን ወስዳ የረድፉ የታች ጠርዝ ከአሞሌው የላይ ጠርዝ እንዳያልፍ ታያለች። የቴስቷ ስም «ሃያ አራተኛዋ» ነው።